የቆመው እጅ

ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጥ ሁሉ ኮምፒውተር ያውቃል ተብሎ የሚታመንበት ቤት ውስጥ በምራትነት መግባት ጣጣው ብዙ ነው። ምራትየዋ የምትሠራው ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው። ሥራዋ የታካሚ ስምና ዕድሜ መመዝገብ፣ የጠፋ ካርድ መፈለግ፣ «እኔ እኮ ቅድም ነው የመጣሁት» ከሚል ሰው ጋር መነታረክ ነው። ይህንን ይዞ የላፕቶፕ ሐኪም ነች ማለት የሆስፒታል ዘበኛ መድኃኒት ያዛል እንደማለት ነው። ባሏ ግን ገና በተጋቡ ሰሞን «የኔ ሚስት እኮ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነች» ብሎ ቤተሰቡ ፊት ጉራውን ቸረቸረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤቱ ላፕቶፕ ባስነጠሰ ቁጥር የምትጠራው እሷ ሆነች።

ላፕቶፑ ባሏ ኮሌጅ ሳለ የገዛው ነው። ማጠፊያው ተሰብሮ በፕላስተር ተጠምጥሟል። ባትሪው ስለሞተ ከሶኬት ከተነቀለ እዚያው ድርግም ነው። ከፊደሎቹ አንዱ ተነቅሎ በቦታው የሸሚዝ ቁልፍ ተለጥፎበታል። አማቷ ደግሞ አቧራ እንዳይገባበት ብለው በጥልፍ ጨርቅ ይሸፍኑታል፤ በርቶ እየሠራም ቢሆን ይሸፍኑታል። ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ባለች ጠረጴዛ ላይ ሲያቃስት ይውላል። ሌላ ቤት ቢሆን ድሮ ተጥሎ ነበር። እዚህ ግን የሚጣል ዕቃ አይደለም፤ አባባ ከልጃቸው ጋር የሚያወሩት በእሱ ነው።

አባባ የባሏ አባት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አናጢ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጆሯቸው አይሰማም። የሚናገሩት በእጃቸው ነው፤ ቤተሰቡም በእጅ ነው የሚያናግራቸው። ትልቋ ልጃቸው ጆሮዋ ይሰማል፤ ሩቅ ከተማ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። በድምፅ የሚያወራ ሰው ስልክ ደውሎ ይገላገላል፤ እነሱ ግን ካልተያዩ አልተነጋገሩም። የእጅ ስልክ ስክሪን ደግሞ ለአባባ አይሆናቸውም። ዓይናቸውን ሞራ ስለጀመራቸው፣ በስልክ ላይ የልጃቸው ጣቶች ጉንዳን ሆነው ነው የሚታዩአቸው። ስለዚህ ያላቸው ያ ሰፊው፣ ሽማግሌው ላፕቶፕ ብቻ ነው።

በዚህ ቤት ሁሉም ሰው የእጅ ስም አለው። ስሙን የሚያወጡት አባባ ናቸው፤ እሳቸው ካላወጡት የለም። የባለቤታቸው ስም ወገብ የያዙ ሁለት እጆች ነው፤ ለምን እንደሆነ እማማን ያየ ሰው አይጠይቅም። የባሏ ስም መሪ ጨብጠው የሚዞሩ እጆች ነው፤ የጭነት መኪና ሹፌር ነውና። የትልቋ ልጅ ስም ደግሞ አውራ ጣቶች ተቆላልፈው የሚርገበገቡ ሁለት መዳፎች ነው፤ ቢራቢሮ ማለት ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እጇ አርፎ አያውቅም ነበር። ጆሮ ያለውም ዘመድ «ቢራቢሮ» እያለ ነው የሚጠራት። ምራትየዋ ግን ቤቱ ከገባች ሦስት ዓመት ሞላት፣ የእጅ ስም የላትም። አባባ ስለ እሷ ሲያወሩ «የልጄ ሚስት» ብለው ነው የሚያልፉት። ክፋት የለባቸውም፤ የእሷም እጅ ገና ኮልታፋ ነው፤ አንድ ነገር ለማለት ሦስት ጊዜ ትጀምራለች። ቢሆንም ነገሩ ይቆረቁራት ነበር። ለማን ይነገራል? ስም አውጡልኝ ተብሎ አይለመንም።

ከጥቂት ወራት በፊት ቢራቢሮ የምትሠራበት ፋርማሲ የመስታወት መደርደሪያ ተናደና ቀኝ እጇ ላይ ወረደ። አንጓዋ ላይ ጅማቶቿ ተቆረጡ። ሐኪሞቹ ሰፉላት፣ እጇን በጀሶ አሰሩላት፣ «ሲፈታ እናያለን» አሉ። «እናያለን» የምትለዋ ቃል ከሐኪም አፍ ስትወጣ እንዴት እንደምትከብድ ታሞ ያወቀ ያውቃታል። ለሌላው ሰው ቀኝ እጅ መብያና መጻፊያ ነው፤ ለቢራቢሮና ለአባቷ ግን አንደበት ነው። እስከዚያው በግራ እጇ ብቻ ታወራቸው ጀመር። አባባ ይህንን «እግሩ የጎደለ ወንበር ላይ እንደ መቀመጥ ነው» አሉት። ምስሉ መሃል ላይ ሲቆምና ሲቆራረጥ ያን ጊዜ ማንም ብዙ አልተጨነቀበትም፤ በአንድ እጅ የሚባለው ነገር ትንሽ ነበርና።

ሐሙስ ዕለት ጀሶው ተፈታ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ላፕቶፑን ከበበ። አባባ ንጹሕ ሸሚዛቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ፣ እማማ ከጎናቸው፣ ምራትየዋ ከኋላ ቆመች። ቢራቢሮ ብቅ አለች። ከጀርባዋ መስኮቷ ክፍት ነው፤ አረንጓዴ መጋረጃ ተንጠልጥሎበታል። በግራ እጇ «እየኝማ አባዬ» አለችና ቀኝ እጇን ከጭኗ ላይ አነሳች። እጇ ወደ ደረቷ መጣ። ጣቶቿ ግማሽ እንደታጠፉ ቆሙ።

አባባ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። እጇ አልተንቀሳቀሰም። ጠበቁ። እጇ አሁንም እንደቆመ ነው። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ላይ «ሜሞሪ አልበቃም» የሚል መልእክት ወጣና ሁሉም ነገር ባንዴ ተዘጋ።

አባባ ባዶውን ስክሪን ጥቂት አይተው ተነሱ። ክፍላቸው ገብተው በሩን መለሱት።

ወዲያው የምራትየዋ ስልክ ጮኸ።

«አየ? አባዬ አየልኝ?» ቢራቢሮ ናት። «ተንቀሳቀሱ እኮ፣ ዋርሳዬ! አምስቱም! ቀስ ብለው ነው፣ ግን ተንቀሳቀሱ! ሐኪሟ ራሷ ናት ያጨበጨበችልኝ!»

ለካ የቆመው ላፕቶፑ ነው እንጂ እጇ አይደለም! ምራትየዋ እየሮጠች ሄዳ ከአባባ በር ውጭ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ቀጭ ቀጭ አደረገች፤ በዚህ ቤት የአባባ በር የሚንኳኳው የክፍላቸውን መብራት በማብለጭለጭ ነው። ገብታም በእጇ ተንተባተበች። «ጣት፣ ተንቀሳቅሷል። ሁሉም። ደህና። መጥፎው ኮምፒውተሩ።»

አባባ ፊቷን አዩት። እጇን አይደለም፣ ፊቷን። «አውቃለሁ» አሉ። «እንዲህ በዪው ብለውሽ ነው።»

እውነቱን እንናገር ከተባለ ቤተሰቡ ይህንን አመኔታ ያጣው በራሱ ጥፋት ነው። ከዓመታት በፊት የአባባ ወንድም የሞተ ጊዜ፣ ልባቸው ደካማ ነው ተብሎ መርዶው ተደበቃቸው። መደበቅ እንደዚያ ቀልሎ አያውቅም። እሳቸው እዚያው ተቀምጠው የመጣ የሄደው ፊታቸው ላይ ስለ ሟቹ ያወራል፤ «ስለ ምንድን ነው?» ሲሉ «ስለ ዝናቡ ነው» ይባላሉ። ያወቁ ዕለት አላለቀሱም። «ከእንግዲህ የማምነው ያየሁትን ብቻ ነው» አሉ። ይህም እንዲያው የተባለ ነገር ሆኖ አልቀረም፤ ያሉትን ጠበቁ።

አሁንም ያዩት የቆመ እጅ ነው። አርብ ዕለት ቢራቢሮ ጣቶቿን ስታንቀሳቅስ ቀርጻ ላከች፤ ላፕቶፑ እየተንገታገተ አሳያቸው። «ይሄ ከአደጋው በፊት የተቀረጸ ነው» አሉ። «ጠባሳውን እዩት እንጂ!» ቢባሉ፣ በዓይናቸው ሞራና በምስሉ ብዥታ መሃል ጠባሳ ከየት ይምጣ? ከዚያ ሻንጣቸውን ከቁምሳጥኑ አናት ላይ አወረዱት። ሁለት ሸሚዝ፣ ሹራብ፣ የልብ ኪኒናቸውን ከተቱበት። እሁድ ጠዋት በሚነሳው አውቶቡስ ሄጄ በዓይኔ አያለሁ ነው። ሐኪማቸው ረጅም መንገድ የሚባል ነገር አጥብቆ የከለከላቸው ሰው ናቸው። ባለፈው እንደዚሁ እንቢ ብለው የሄዱ ጊዜ የተመለሱት በአምቡላንስ ነው።

እማማ ለመኑ፣ ተቆጡ፣ ወገባቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የማይሰማ ሰው ዓይኑን ከጨፈነ ነገር አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ቢጮኽ ቢለመን ዋጋ የለውም።

መንገድ ላይ ያለው ባሏ ሲደወልለት «ሜሞሪው ሞልቶ ነው፤ ፎቶ ምናምን አጥፉበት» አለ። ባለፈው ወርም ይህንኑ ብሎ የሠርጋቸውን ቪዲዮ ሳይቀር ከላፕቶፑ ላይ ጠራርጎ ወደ ፍላሽ አሽሽቶታል። ላፕቶፑ በውለታው አልተደሰተም፤ እንዲያውም ባሰበት።

ቅዳሜ ምራትየዋ በግማሽ ቀን ከሥራ ወጣች። መሥሪያ ቤቷ ያለውን የኮምፒውተር ባለሙያ ስታማክረው «ራም ጨምሩበት፤ ፎቶ የሚቀመጥበት ሳይሆን የሚሠራበት ሜሞሪ ነው የሞላው» ብሏት ነበር። የዚያ ዘመን ዕቃ ተፈልጎ እስኪገኝ ግን ቀናት ይፈጃል፤ አውቶቡሱ ደግሞ የነገ ነው። ከቢራቢሮ ጋር ለአስር ሰዓት ተቀጣጠሩ። እስከዚያ ካልተስተካከለ እኚህ ሰውዬ ነገ ተነስተው ይሄዳሉ፤ ሄደውም መንገድ ላይ ይቀራሉ። ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወረወረችና ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች።

መጀመሪያ የጥልፉን ጨርቅ አነሳች። ላፕቶፑ እንደ ካውያ ግሏል።

«እማማ፣ በርቶ ሳለ አይሸፈንም እኮ፤ ይታፈናል።»

«አቧራውስ?» አሉ እማማ።

«አቧራው ይሻለዋል።»

እማማ ጨርቃቸውን ተቀብለው አጣጠፉና ደረታቸው ላይ ያዙት። ቅር ብሏቸዋል። ይህንን ጨርቅ የጠለፉት እኮ በእጃቸው ነው።

ቀጥላ አጥፍታ አስነሳችው። ይህ ላፕቶፕ መብራት ካልሄደ በቀር ክዳኑ ይከደናል እንጂ ጠፍቶ አያውቅም፤ ወራት ሙሉ እንዲሁ ሲያሸልብ ነው የኖረው። ጠፍቶ እስኪነሳ እማማ ሳሎኑን ጠርገው ጨረሱ። ሲነሳ ግን ያው ነው። ማን ምን ያህል ሜሞሪ እንደያዘ የሚያሳየውን መስኮት አወጣች፤ ከመቶ ዘጠና ሰባት ይላል። ገና ማንም ምንም ሳይነካው!

ዝርዝሩን ቁልቁል እያየች ወረደች። ሁለት ጸረ ቫይረስ ተጭኖበታል፤ አንዱን ባሏ፣ ሌላውን ጥገና ቤት ነው የጫነው። ሁለቱ ዘበኞች ሌባ መጠበቁን ትተው እርስ በርስ ሲጠባበቁ ነው የሚውሉት። አንዱን አሰናበተችው። የባሏ የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ ላፕቶፑ በተነሳ ቁጥር ሳይጠራ አብሮ ይነሳል። «አንተን ደግሞ ማን ጠራህ?» ብላ ከለከለችው። የዛሬ ስንት ዓመት የሞተ ፕሪንተር ፕሮግራምም ጌታዬ ይመጣል ብሎ እስካሁን ቆሞ ይጠብቃል፤ እሱንም አወጣችው። ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ አለ። ትንሽ ብቻ። ሰዓቱ ግን ይሮጣል።

የቀረው ዋናው በላተኛ የኢንተርኔት መክፈቻው ነበር። ሌሎቹ ሁሉ ተደምረው እሱን አያክሉም። ገልጣ አየችው። የተከፈቱት ገጾች ከመብዛታቸው የተነሳ ስክሪኑ አናት ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድረዋል። መክፈቻው «የነበረውን ሁሉ መልስ» ተብሎ ስለታዘዘ፣ ላፕቶፑ ጠፍቶ ሲነሳ ሁሉንም ለቅሞ መልሷቸዋል።

«ይሄ ሰውዬ!» አለች፣ ባሏን መሆኑ ነው። «ኳስ እያየ እኮ ነው እንዲህ የከመረው።» አንዱን ነካችው።

ኳስ አይደለም። ቢራቢሮ ናት። ቀኝ እጇን ወደ ፊቷ አንስታ፣ ጣቶቿን ዘርግታ፣ ቪዲዮው እዚያ ላይ ቆሟል። የሚቀጥለውን ነካች። ቢራቢሮ፣ በሌላ ልብስ፣ እጇ ደረቷ ላይ። የሚቀጥለውን። ቢራቢሮ እየሳቀች፣ ሁለት ጣቶቿ አየር ላይ። ከአደጋው በፊት ጠዋት ጠዋት ለአባቷ ትልካቸው የነበሩ አጫጭር ሰላምታዎች ናቸው፤ እንዴት አደርክ፣ ሻይ ጠጣህ ወይ፣ እዚህ ዘነበ የሚሉ። ሁሉም ታይተዋል፣ አንዱም አልተዘጋም።

ሰዓቱ ግን ሰዓት ነውና ምራትየዋ አንዱን ልትዘጋ ስትል፣ ከኋላዋ የመጣ ሻካራ እጅ አንጓዋን ያዛት። አባባ ናቸው።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልዘጋ።»

«እያወራች እኮ ነው!»

ምራትየዋ አልገባትም። አባባ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡና፣ ለእሷ በሚሆን ፍጥነት፣ ቀስ አድርገው አስረዷት። በእጁ የሚያወራ ሰው እጁን አንስቶ ሳለ ፊት አይዞርበትም። እጁ እስኪወርድ ይጠበቃል። ፊት ማዞር «አፍህን ዝጋ» ከማለት የባሰ ነው። ቢራቢሮ ደግሞ ችኩል ናት፤ ወደ ሥራ እየሮጠች ስለምትቀርጽ፣ ቪዲዮዎቿ የሚያልቁት ሁልጊዜ እጇ አየር ላይ እንዳለ ነው። «እጇን እንዳነሳች እንዴት አድርጌ ፊቷ ላይ ልዝጋባት?» አሉ። ስለዚህ አንዱን አይተው ወደ ጎን ይተዉትና አዲሱን ይከፍታሉ፤ በነጋታውም እንደዚሁ። ከአደጋው በኋላማ ጭራሽ የማይታሰብ ሆነ። ያ እጅ የሚንቀሳቀስበት ሌላ ቦታ አልነበራቸውም።

ምራትየዋ ስንት ወር ሙሉ ባሏን፣ ጥገና ቤቱን፣ የላፕቶፑን አምራች ሳይቀር ስትረግም ነበር። የቤቱ ላፕቶፕ የታነቀው ግን በአንድ አባት ጨዋነት ነው። ሳቅም እንባም ባንዴ መጣባት፤ ሁለቱንም ዋጠቻቸው።

ለማስረዳት ሞከረች። «ሜሞሪ» ለሚባለው ነገር ምልክት አታውቅም። «ሞላ» አለች፤ አባባ ገና ድሮ ፎቶ ተሰርዞለታል አሏት። «ቦታ የለም» አለች፤ «የት?» አሉ። በመጨረሻ ተስፋ ቆረጠችና እጃቸውን ይዛ ወደ ጓሮ በረንዳ ጎተተቻቸው። የአባባ የአናጢነት ጠረጴዛ ዛሬም እዚያው ነው። ከበላዩ ግድግዳው ላይ ጣውላ የሚያስቀምጡበት መደርደሪያ አለ።

ምራትየዋ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገችና «ኮምፒውተር» አለች። ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ ጣውላ እያወረደች ጠረጴዛው ላይ ትከምር ጀመር። አንድ ጣውላ፣ «ቢራቢሮ»። ሌላ ጣውላ፣ «ቢራቢሮ»። እማማ መስኮት ላይ ሆነው «ልጅቷ አበደች እንዴ!» ይላሉ። ጠረጴዛው ጢም ሲል መጋዝ አንስታ ለአባባ ሰጠቻቸው። «ሥሩ» አለች።

አባባ መጋዙን ይዘው ጠረጴዛውን አዩት። መጋዝ ቀርቶ ክርን የሚያሳርፉበት ቦታ የለም። ምራትየዋ ጣውላዎቹን አንድ በአንድ ወደ መደርደሪያው መለሰቻቸው። እየመለሰችም «አልጠፋም፣ አለ። አልጠፋም፣ አለ» ትላለች። ጠረጴዛው ባዶ ሲሆን ደግሞ የቀራትን ጨመረች። «ሐሙስ ዕለት፣ የቆመው እጇ ብቻ አይደለም። መጋረጃውም ቆሞ ነበር። መስኮቱ ግን ክፍት ነው።»

«መጋረጃውን ማን አየው» አሉ አባባ። ከዚያ ባዶውን ጠረጴዛ በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉትና ሳቃቸው አመለጣቸው። «መሥሪያ ጠረጴዛ ላይ ጣውላ የሚከምር ሠራተኛ ድሮ ቢኖረኝ በዚያው ቀን ነበር የማባርረው።»

ግን ያዩትን ነው የሚያምኑት። ሳሎን ተመለሱና ምራትየዋ ገጾቹን ሁሉ «ቢራቢሮ» ብላ በሰየመችው አንድ ቦታ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ አንዱን ዘጋች። አባባ ፊታቸው ጭፍግግ አለ። መልሳ ከፈተችው፤ ያቺው ልጅ፣ ያው ልብስ። «ሌላ» አሉ። ሌላም ዘግታ ከፈተች። «ሌላ» አሉ። ሦስተኛው ተከፍቶ ሲያዩ ማውሱን ከእጇ ተቀበሏት።

«እኔ ልዝጋ።»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የምራትየዋ ትዕግሥት የተፈተነው። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። አንድ ቦታ ብትጫን ሁሉም ባንዴ ይዘጋ ነበር። አባባ ግን አንዱን ይከፍቱና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያዩታል። ሻይ ጠጣህ ወይ ስትላቸው «ጠጣሁ» ይላሉ። እዚህ ዘነበ ስትላቸው «እዚህም» ይላሉ። ከዚያ «ደህና ዋይ» ይሏትና ይዘጉታል። የሚቀጥለውን ይከፍታሉ። ምራትየዋ ሁለት እጆቿን ጭኗ ሥር ከታ ተቀመጠችባቸው። እማማ በየመሃሉ እየመጡ «ስንት ቀረ?» ይላሉ።

ማበጠሪያው ጥርሱ እየረገፈ፣ እየሳሳ ሄደ። ቁጥሩ ወረደ፤ ሰማንያ፣ ሰባ፣ ሃምሳ። አባባ የመጨረሻዋን ቢራቢሮ ተሰናብተው እጃቸውን ከማውሱ ላይ ሲያነሱ ድንገት እማማ ከጓዳ ሮጠው መጡ።

«ዝም አለ እኮ! ሞተ እንዴ?»

እውነትም ሲያጓራ የኖረው የላፕቶፑ ማራገቢያ ጸጥ ብሏል። «አልሞተም፣ እማማ» አለች ምራትየዋ። «ተነፈሰ።» እሷም አብራው ተነፈሰች።

አስር ሰዓት ላይ ቢራቢሮ ብቅ አለች። ምስሏ ጥርት ብሎ፣ የሸሚዟ አዝራር ሳይቀር ይቆጠራል። ከጀርባዋ ያ አረንጓዴ መጋረጃ ነፋስ ገብቶበት ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ይወርዳል። አባባ መጀመሪያ ያዩት መጋረጃውን ነው። ከዚያ ወደ እሷ ተመለሱ።

ቀኝ እጇን አነሳች። አንጓዋ ላይ ጠባሳው ቀልቶ ይታያል። አውራ ጣቷ ታጠፈ። ቀጥሎ ሌባ ጣቷ። ቀጥሎ ሌሎቹ፣ ተራቸውን እየጠበቁ፣ እየተንቀጠቀጡ። ሁሉም ታጥፈው ሲያበቁ ደግሞ አንድ በአንድ ተዘረጉ።

አባባ አልቸኮሉም። «ትንሿን ጣት ብቻ» አሉ። ትንሿ ጣት ብቻዋን ወጣች። «አሁን አፍንጫሽን ያዢ።» ቢራቢሮ በሳቅ እየፈነዳች አፍንጫዋን ያዘች፤ ይህንንማ ማንም አስቀድሞ ሊቀርጸው አይችልም። እማማ በጥልፉ ጨርቅ እንባቸውን ጠረጉ። አባባ ግን እንባቸው ሲወርድ አልጠረጉትም፤ እጃቸው ለሌላ ሥራ ተፈልጎ ነበር። ያወራሉ። ስንት ወር የተጠራቀመውን ያወራሉ። ልጅቷም ቀስ እያለች፣ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን፣ በሁለት እጇ ትመልስላቸዋለች። እማማ ይህንን ሲያዩ ሹልክ ብለው ሄደው ሻንጣውን ፈቱት፤ ኪኒናውን ወደ ቦታው መለሱት። ይህንን ሥራ ለነገ የሚያሳድሩት ዓይነት ሰው አይደሉም።

እማማ ሲመለሱ ቢራቢሮ አንድ ነገር እያለች መሃል ላይ እጇ ቆመ። ደረቷ ላይ፣ ግማሽ ታጥፎ፣ እንደ ሐሙሱ።

«ወይ ጉዴ! ቆመ!» አሉ እማማ። ምራትየዋ ማውሱን ልትይዝ ተንደረደረች።

አባባ አንጓዋን ያዟት፣ እንደ ቅድሙ። በሌላው እጃቸው ወደ ስክሪኑ አሳዩአት፤ ወደ ልጃቸው ሳይሆን ወደ ጀርባዋ።

«መጋረጃው ይንቀሳቀሳል» አሉ። «እሷ ናት። ደክሟት ነው።»

እውነትም ቢራቢሮ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈችና ትከሻዋ እስኪነሳ በረጅሙ ተነፈሰች። በግራዋ «እጄ ትንሽ ይረፍ፣ አባዬ» አለች። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐሙስ ዕለት የቆመ እጅ አይተው ሻንጣ የሸከፉት ሰው፣ ዛሬ የቆመ እጅ እያዩ እግራቸውን ዘርግተው ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ። ምራትየዋ ይህንን ስታይ ሶፋው ላይ ዘፍ አለች። ጫማዋን እስካሁን አለማውለቋ ያን ጊዜ ታወሳት።

«ላፕቶፑን ማን አዳነው?» አለች ቢራቢሮ በግራ እጇ። «ወንድሜ መጣ እንዴ?»

አባባ «አይደለም» አሉ። ከዚያ እዚያ ቤት አንድም ሰው አይቶት የማያውቀውን ምልክት ሠሩ። ሁለት መዳፎቻቸውን እንደ ሁለት የመስኮት ክንፎች ቀስ አድርገው ገጠሟቸው፤ እንደገና ቀስ አድርገው ከፈቷቸው።

ቢራቢሮ ግራ ገብቷት ቅንድቧን አነሳች። «ማን ናት እሷ?»

አባባ ያንኑ ዘግቶ መልሶ የመክፈት ምልክት ደገሙትና ጣታቸውን ወደ ሶፋው፣ ወደ ምራትየዋ ቀሰሩ። ምራትየዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሦስት ዓመት ሙሉ ያላለቀሰችው እንባ ባንዴ መጣባት፤ ይምጣ ብላ ለቀቀችው።

ቢራቢሮ ከስክሪኑ ውስጥ አየቻትና ሳቀች። ከዚያ ያረፈውን ቀኝ እጇን ከጭኗ ላይ አነሳች፣ ከግራዋ ጋር ገጠመችው፣ ጣቶቿ እየተንቀጠቀጡ የዋርሳዋን አዲስ ስም ቀስ ብላ ጠራችው።